አሳዳጊውን ማን ያሳድገዋል?

ከአማርኛ የስድብ ቃላት መካከል እንደ «አሳዳጊ የበደለው» ፍርዱ የረቀቀ ጥቂት ነው። አንድ ወጣት ከሥርዓት ወጥቶ ሲገኝ፣ ታላቁን ሲዳፈር ወይም በአደባባይ ነውር ሲሠራ ያየ ሁሉ ይህን ቃል ይወረውርበታል። ቃሉ ሲሰማ የሚያቆስለው ወጣቱን ነው፤ ሲመረመር ግን ክሱ የቀረበው በሌላ ሰው ላይ ሆኖ ይገኛል። በዳዩ አሳዳጊው ነው፤ ተሰዳቢው ወጣት ተበዳይ ነው። ሕዝቡ ስለ ወጣት ጥፋትና ስለ ታላላቆች ኃላፊነት ያለውን የቆየ አስተያየት በሁለት ቃላት አሳጥሮ አስቀምጦታል ማለት ነው።

ቀደም ባለው ዘመን አሳዳጊው ማን እንደሆነ ለማወቅ አያዳግትም ነበር። እናትና አባት፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት፣ የኔታ፣ ቁርዓን የሚያስቀሩት ሼህ፣ የእጅ ጥበብ የሚያስተምረው ባለሙያ፣ በመንገድ ያገኙትን የሰው ልጅ ለመቆጣት ፈቃድ የማይጠይቁ ሽማግሌ ሁሉም በየድርሻቸው ያሳድጉ ነበር። ከተማ እየሰፋ፣ ትምህርት ቤት እየበዛ፣ ቤተሰብ ከቀዬው እየተነቀለ ሲሄድ ግን ከዚህ ሥራ ከፊሉ ለደመወዝተኛ ተላለፈ። የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያ፣ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሚባሉ የሥራ መደቦች ተፈጠሩ። አሳዳጊነት በመሥሪያ ቤት መዋቅር ውስጥ ገብቶ ደረጃና የደመወዝ እርከን ተቆረጠለት። እንግዲህ አሳዳጊነት ሙያ ከሆነ፣ እንደማንኛውም ሙያ የሚማሩት፣ የሚለማመዱትና የሚያድጉበት ሊሆን ይገባዋል። አሳዳጊውንስ ማን ያሳድገዋል? የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ወጣቱ የአገር ሥራ ተሸካሚ ሆኖ መታየት የጀመረው ስለ አስተዳደጉ በሙያ ደረጃ ከመታሰቡ አስቀድሞ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደል ካስቆጠሩት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ገና ተማሪዎች ነበሩ። ወጣቱ ምን ሊሠራ እንደሚችል የተጠየቀበት ዘመን ነበር፤ ወጣቱ ራሱ ምን እንደሚያስፈልገው ግን እምብዛም አልተጠየቀም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆነው ሰው ነው ብሎ ደነገገ። በየከተማውም የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባቸው ቤቶች ተሠሩ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ የነበረውና በአብዮቱ ዓመታት ራሱን ችሎ መቆሙ የቀረው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ2004 በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ቤቱና ትምህርቱ በአንድ ዘመን ተገናኙ።

ከነዚህ ቤቶች አንዱን ስትመራ የቆየች አንዲት ባለሙያ ከስምንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ስድስት ኪሎ መጣች። ቀድሞ የአማርኛ መምህርት ነበረች። ማዕከሏ የሚገኘው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ክረምት ከበጋ ጉም በማይለያት አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ከበሩ እንደተገባ የፑልና የከረንቦላ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ክፍል አለ። ቀጥሎ የእግር ኳስ ውድድር የሚታይበት አዳራሽ፣ በስተጀርባ ለፈተና መዘጋጃ መጻሕፍት የተጨናነቁበት ቤተ መጻሕፍት፣ በጥቂት ሳንቲም የሚታጠቡበት ሻወር፣ ሻይ ቤትና የኪነት ቡድኑ የሚለማመድበት መጋዘን ይገኛሉ። የወሩ መጨረሻ በደረሰ ቁጥር ኃላፊዋ አንድ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ «የተጠቃሚ ብዛት» ይልና ወንድ፣ ሴት፣ ድምር ብሎ ይከፍላል። የማዕከሉ ሥራ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በድምሩ ነበር።

ወደ ትምህርት የገፋት ምክንያት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሁለት መልስ ይገኛል። አንደኛው የደረጃ ዕድገት ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ምን እንደሚጨምርለት ያውቃል፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከቅጹ ውስጥ የወጣ ነው። ድምሩ ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር። ይሁን እንጂ የኪነት ቡድኑ ዋሽንት ነፊ አንድ ቀን ቀረ፤ ወደ አረብ አገር ለመሻገር በጅቡቲ በኩል መሄዱ ተሰማ። ከቤተ መጻሕፍቱ የማትጠፋ የነበረችው ልጅ ቤይሩት ገባች። ቼዝ በመጫወት የታወቁት ወንድማማቾች በመተማ በኩል ወጡ። በያንዳንዳቸው ቦታ ሌላ ስለሚተካ ቅጹ መጉደላቸውን አላሳየም። ቁጥሩ ሞልቶ ሰዎቹ ይጎድሉ ነበር። ኃላፊዋ ይህን የሚያስረዳ ቃል በምታውቀው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ውስጥ ፈልጋ አጣች።

በመጀመሪያው መንፈቅ የተማረችው የጉርምስና ሥነ ልቡና ታሪክ ነበር። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጉርምስና የማዕበልና የውጥረት ዘመን ነው፤ ይህም ከሰው ተፈጥሮ የመጣ ነው ሲል አስተማረ። ማርጋሬት ሚድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ሳሞአ ልጃገረዶች ጽፋ፣ በዚያ ደሴት ጉርምስና እንደ ምዕራቡ ዓለም አይናወጥም፤ ነውጡን የሚፈጥረው ኅብረተሰቡ ነው አለች። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ዴሬክ ፍሪማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ተነሥቶ ሚድ ስለ ሳሞአ የጻፈችው ስሕተት ነው ብሎ ሞገተ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ለረዥም ጊዜ ቀጠለ። ለዓመታት ማስታወሻ እያጻፈች ላስተማረች መምህርት ሁለት የታተሙ መጻሕፍት እንዲህ ፊት ለፊት ቆመው መካሰሳቸው አዲስ ነገር ሆነባት። የትኛውን ይዤ ልሂድ? ብላ ስትጠይቅ፣ ወደ ከተማሽ ወስደሽ ሁለቱንም ፈትኛቸው የሚል መልስ ተሰጣት።

ለመፈተን ደግሞ ቋንቋው ራሱ ምስክር ነበር። ጉብል፣ ኮበሌ፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ፣ ልጃገረድ የሚሉት ቃላት ዕድሜን በቁጥር አይለኩም። በሬ ጠምዶ የሚያርስ የ15 ዓመት ልጅ በገጠር ሰው ሆኗል ይባላል፤ ትዳር ይታሰብለታል፤ ከሽማግሌ ጋር ባይቀመጥም ከሠራተኛ ጋር ይቆጠራል። በከተማ ደግሞ በ29 ዓመቱ ዲግሪ ይዞ ከእናቱ ቤት ያልወጣ ሰው ገና ልጅ ነው። የኢትዮጵያ ፖሊሲ በ29 ዓመት የዘጋውን በር እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ከፍቶ ይተወዋል። የዕድሜውን ወሰን የሚያሰምረው ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑን ይህ ይመሰክራል። ኅብረተሰቡ ሥራ፣ መሬትና ቤት በሰጠበት ጊዜ ወጣትነት ያጥራል፤ በነፈገበት ጊዜ ይረዝማል። ወደ ጅቡቲ የሄደው ዋሽንት ነፊ 27 ዓመቱ ነበር። ማዕበል የነዳው ጎረምሳ አልነበረም፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነበር።

ቀጥሎ ያገኘችው ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። ወጣትነት «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚፈታበት ዘመን ነው ብሎ በማስተማሩ ይታወቃል። የሕይወቱ ታሪክ ግን በድኅረ ምረቃ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሁሉ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ሥዕል እየሣለ በአውሮፓ የተንከራተተ፣ በኋላም በቪየና በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ወደ ሥነ ልቡና ጥናት የተሳበ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ ሳይኖረው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃ። አንቶን ማካሬንኮም እ.ኤ.አ. በ1920 በፖልታቫ አጠገብ የወላጅ አልባና የወንጀለኛ ልጆች ሠፈር ሲረከብ፣ በዚያው ክረምት የሥነ ትምህርት መጻሕፍት በብዛት አንብቦ፣ ለነገ ጧት የሚሆነውን መልስ በአንዱም እንዳላገኘ ጽፏል። ታዲያ መጻሕፍቱን አልጣላቸውም፤ ከልጆቹ ጋር የዋለበትን ቀን ይዞ ራሱ መጽሐፍ ጻፈ።

ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። አባባሉ ለትምህርት ያለውን ክብር ሲያሳይ፣ ለተማረው ሰው የተሰጠው አደራ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነም ያሳያል። የኤሪክሰንና የማካሬንኮ ታሪክ ይህን አባባል አያፈርሰውም፤ ያርመዋል። ዲግሪ የዕውቀት ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል፤ የዕውቀት ምንጭ ግን ከሰው ጋር የተዋለ ረዥም ቀንና ያን ቀን መልሶ የመመርመር ልማድ ነው። ባለሙያዋ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀኑ አልጎደላትም። የጎደላት ቀኑን ቁጭ ብላ የምትመረምርበት ጊዜና ሥርዓት ነበር። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከሰጣት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ጊዜ ነው።

የሌቭ ቪጎትስኪን ትምህርት ስታነብ ደግሞ የምታውቀውን ነገር በሌላ ስም አገኘችው። ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 ገና በ37 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት የሥነ ጽሑፍ መምህርና የኪነ ጥበብ ሥነ ልቡና ተመራማሪ የነበረ ሰው ነው። ልጅ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና በዐዋቂ እርዳታ ሊሠራው በሚችለው መካከል ያለው ስፍራ የዕድገት ስፍራ ነው ይላል። ይህን የወሎና የሸዋ ገበሬ ያውቀዋል። አባት ልጁን ማረስ ሲያስተምር ዕርፉን አስጨብጦ ዝም ብሎ አይለቀውም፤ የራሱን እጅ በልጁ እጅ ላይ ይደርባል። ትልሙ ሲቀና እጁን ቀስ ብሎ ያነሣል፤ በሬው ሲያፈነግጥ ይመልሳል። እናትም ሴት ልጇን በመጀመሪያ ጥጥ ታስዳምጣለች፤ ከዚያ ታስነድፋለች፤ እንዝርቱን የምታስጨብጣት በመጨረሻ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ማዕከሉ ሁለት ዓይነት ሥራ ብቻ ነበረው። አንደኛው ወጣቱ ያለማንም እርዳታ የሚሠራው ሲሆን ይኸውም ጨዋታ ነው። ሌላው ደግሞ ወጣቱ ምንም ሳይሠራ ዐዋቂው የሚጨርሰው ነው፤ ይኸውም ስብሰባ ነው። እጅ በእጅ ላይ የሚደረብበት መካከለኛ ስፍራ አልነበረውም።

ለአርቲስቱና ለሥራ መሪው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሮጀር ሃርት መሰላል ነው። ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባሳተመለት ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መሰለው። ታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ተሳትፎ ቢመስሉም ተሳትፎ አይደሉም። በመጀመሪያው ዐዋቂዎች ልጆቹን ለራሳቸው ዓላማ መጠቀሚያ ያደርጓቸዋል። በሁለተኛው ጌጥ ያደርጓቸዋል። በሦስተኛው ለስም ያህል ያስቀምጧቸዋል። ለሁለተኛው ደረጃ የተሰጠው ምሳሌ፣ ስለ ጉዳዩ ብዙም ሳይነገራቸው መፈክር ያለበት ካናቴራ ለብሰው በበዓል ላይ የሚዘፍኑና የሚጨፍሩ ልጆች ናቸው።

ባለሙያዋ ይህን ገጽ በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ስታነብ የማዕከሉ የኪነት ቡድን በዓይኗ ላይ መጣ። ስለ ትራፊክ አደጋ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ችግኝ ተከላ፣ ስለ ቁጠባ በየበዓሉ ይዘፍን ነበር። ካናቴራው እየተቀየረ ዜማው አንድ ነበር። ግጥሙ ከጽሕፈት ቤት ይመጣል፤ ድራማው የሚያልቅበት ምክርም አብሮት ይመጣል። በማስታወሻ ደብተሯ ላይ መሰላሉን ሥላ የማዕከሉን ሥራዎች አንድ በአንድ በየደረጃቸው አስቀመጠች። አብዛኞቹ ከታች ተከማቹ። አንድ ሥራ ብቻ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ወጣ፤ እርሱም የቤተ መጻሕፍቱ የጸጥታ ኮሚቴ ነው። ሐሳቡን ያመነጨችው ኃላፊዋ ብትሆንም ደንቡን ያወጡትና የወንበር ሽሚያውን የሚዳኙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በሪፖርት ላይ ግን ይህ ኮሚቴ አንድም ቀን ተጠቅሶ አያውቅም። የመሰላሉ ጫፍም አስገረማት። ስምንተኛው ደረጃ ወጣቶች ብቻቸውን የሚወስኑበት ሳይሆን፣ ራሳቸው ባመነጩት ሐሳብ ላይ ከዐዋቂዎች ጋር አብረው የሚወስኑበት ነው። አሳዳጊው በመሰላሉ ላይ ሲወጣ ከሥራው አይባረርም ማለት ነው፤ ሥራው ይለወጣል።

«ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ የቀረው መጠየቅ ነበር። የመመረቂያ ጥናቷን ሴት ወጣቶች ለምን ወደ ማዕከሉ አይመጡም? በሚል ርእስ ላይ ጀመረች። በመጀመሪያው ረቂቅ መግቢያ ላይ «ወጣት ሴቶች ስለ ማዕከሉ ጠቀሜታ የግንዛቤ እጥረት ስላለባቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። አማካሪዋ በቀይ ቀለም አስምረውበት ከጎኑ ሁለት ቃል ጻፉ፤ «በምን ታወቀ?» የሚል። ይህ ጥያቄ ለአንድ ዲግሪ የሚወጣውን ገንዘብና ድካም የሚያክል ነው። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ሐረግ በየሪፖርቱና በየስብሰባው ተደጋግሞ እንደ ማስረጃ የሚቆጠር ሆኗል። ሕዝቡ አልመጣም እንደሆነ ግንዛቤ የለውም፤ ወጣቱ አልተሰበሰበም እንደሆነ ግንዛቤ የለውም። ሐረጉ የተናጋሪውን ግንዛቤ ግን አይጠይቅም። ባለሙያዋ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዛ ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

የጥናት ሥርዓት ተጠያቂው ፈቃዱን እንዲሰጥ፣ መልስ አልሰጥም ማለትም መብቱ መሆኑ እንዲነገረው ያስገድዳል። በመሰናዶ ትምህርት ቤት በር ላይ ያገኘቻት የመጀመሪያዋ ልጅ የፈቃዱን ወረቀት ካነበበች በኋላ ቀና ብላ፣

«እትዬ፣ ይኼ ለሪፖርት ነው?» አለቻት።

«አይደለም፤ ለትምህርቴ ነው።»

«እምቢ ብል ይቻላል ማለት ነው?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው እምቢ» ብላ ወረቀቱን መልሳ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች፤ ጓደኛዋንም አስከትላለች። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያለማቋረጥ ተናገረች። በዚህች ከተማ ለዚህች ልጅ «እምቢ» ለማለት ፈቃድ የሰጣት መንግሥታዊ ወረቀት ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የተናገረችውም እምቢታዋ እንደሚከበር ካየች በኋላ ነው።

ከእርሷና ከሌሎቹ የተሰማው ሁሉ ትንንሽ ነገር ነበር። ማዕከሉ የሚሞቀው ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ነው፤ ያ ደግሞ ሴቷ ልጅ ውኃ የምትቀዳበት፣ ምጣድ የምታሰማበት፣ ቡና የምታፈላበት ሰዓት ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለመግባት በፑል ክፍል ውስጥ ማለፍ ግድ ነው፤ ጨዋታው ቆሞ ሁሉም ዘወር ብሎ ያያል። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም። ከመሸ በኋላ ከማዕከሉ ወደ ሰፈር የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም። ከነዚህ ውስጥ በግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የሚፈታ አንድም አልነበረም። ቁልፍ፣ ሰዓት፣ አምፖልና ግድግዳ ነበሩ። ስምንት ዓመት በየቀኑ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያልፍ ሠራተኛ ያልታየው የፑሉ ክፍል፣ ከሌላ ሰው ዓይን በኩል ሲታይ እንደ ኬላ ገዝፎ ታየ።

ባለሙያዋ ተመርቃ ከተመለሰች በኋላ የተለወጠውና ያልተለወጠው ሁለቱም መነገር አለባቸው። የፑልና የከረንቦላ ጠረጴዛዎቹ ወደ ጀርባ ክፍል ተዛውረው ቤተ መጻሕፍቱ ከበሩ አጠገብ ሆነ። መቀርቀሪያ ተገጠመ። ቅዳሜ ጧት ማዕከሉ እንዲከፈት ተደረገ። የኪነት ቡድኑም የራሱን ድራማ እንዲጽፍ ተነገረው። ቡድኑ ለሁለት ወር ተከራክሮ ስለ አንድ ሊሰደድ ስለተነሣ ወጣትና ስለ እናቱ ጻፈ። ድራማው የሚያልቀው ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ይሂድ ይቅር አይታወቅም። ከታዳሚዎቹ መካከል የነበሩ አንድ ኃላፊ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እናቱን ሆና የተጫወተችው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኛም እሱን ለመጠየቅ ነው የጻፍነው» አለቻቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰዉ በዚያው ተቀምጦ እስኪመሽ ተወያየ። ከዚያ በፊት በዚያ መድረክ ላይ ከቀረቡት ድራማዎች በኋላ የሚደረገው ማጨብጨብና መበተን ብቻ ነበር። ኪነ ጥበብ ምክር ማድረሻ ዕቃ ከመሆን ወጥቶ አንድ ኅብረተሰብ የሚያስብበት ስፍራ ሊሆን የሚችለው ጸሐፊዎቹ በውጤቱ ላይ ሥልጣን ሲሰጣቸው መሆኑን አርቲስቶች ያውቁታል። የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያ ግን ይህን በሌላ መንገድ፣ በመሰላል ሥዕል በኩል መማር ነበረባት።

ያልተለወጠውም ብዙ ነው። ቅጹ አሁንም ወንድ፣ ሴት፣ ድምር ይላል። በጀት የሚመጣው ድምሩን ተከትሎ ስለሆነ መሞላቱ አልቀረም። ባለሙያዋ ከቅጹ አጠገብ ሌላ ደብተር ይዛለች፤ በዚያ ላይ ስም ይጻፋል፤ ማን ቀረ፣ ወዴት ሄደ፣ ምን ጀመረ የሚል። ስደቱም አልቆመም። ትምህርት ለባለሙያዋ መሬት የምታከፋፍልበት፣ ፋብሪካ የምትከፍትበት ሥልጣን አልሰጣትም። በተመለሰች በዓመቱ ከድራማው ተጫዋቾች ሁለቱ ከተማዋን ለቀው ሄደዋል። ልዩነቱ ከመሄዳቸው በፊት መጥተው መንገራቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ስለ መንገዱ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ከባለሙያዋ ጋር ቁጭ ብሎ ቆጥሯል፤ የእናቱን ስልክም ትቶላት ሄዷል። ሌላው ጉዞውን ለስድስት ወር አዘግይቶ የብየዳ ሥልጠና ጨርሶ ወጣ። ይህ ድል ነው ወይስ ሽንፈት? በቅጹ ላይ ሁለቱም የጎደሉ ናቸው። በስም ደብተሩ ላይ ግን አንደኛው ብቻውን ያልሄደ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሙያ ይዞ የሄደ ሰው ነው። አሳዳጊ የሚያሳድገው ሰው ከእርሱ እንዳይለይ ለማድረግ አይደለም፤ ሲለይ ምን ይዞ እንደሚለይ ግን ይጠየቅበታል።

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ የሚቀርበው ተቃውሞም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ባለሙያ ወደ ወረዳው አይመለስም፤ ቢመለስም አይቆይም። ዋና ከተማ ውስጥ ያለ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ከወጣት ጋር መዋል ትቶ ስለ ወጣት ሰነድ ማዘጋጀት ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ሙያውን ከሥሩ ነቅሎ ወደ ላይ የሚወስድ ይሆናል። የሰሜን ሸዋዋ ባለሙያም እንዲህ ያለ ጥሪ መጥቶላት ነበር። ለጊዜው አልሄደችም፤ ነገ አትሄድም ብሎ ዋስ የሚሆንላት ግን የለም። የሁለት ልጆች እናት ናትና የደመወዙ ልዩነት ቀላል አይደለም። የግለሰብ ቆራጥነት ብቻውን ይህን ችግር አይፈታውም። በሥራው ላይ እንዳሉ በክረምትና በቅዳሜና እሑድ የሚማሩበት ሥርዓት ቢጠናከር፣ ጥናቱ ባለሙያው በሚሠራበት ቦታ ላይ ቢሆን፣ ከወጣት ጋር በቀጥታ መዋልም ቢሮ ውስጥ ከመቀመጥ ያላነሰ ደረጃና ደመወዝ ቢሰጠው፣ ያደገ ባለሙያ ያደገበትን ስፍራ ለመልቀቅ የሚገደድበት ምክንያት ይቀንሳል። አለበለዚያ የወጣቶች ማዕከል ጀማሪዎች የሚለማመዱበትና የበሰሉት የሚሸሹት ቤት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር ለወጣቶች ማዕከል ኃላፊዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። መምህር በክፍሉ ውስጥ፣ የኪነ ጥበብ ሰው በመድረኩ ላይ፣ የሥራ መሪ በስብሰባው አዳራሽ ከወጣት ጋር በተገናኘ ጊዜ ሁሉ አሳዳጊ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል እንደ መጨረሻ ፍርድ ከተወሰደ ልጁ ማቡካት ሳይማር ይቀራል። አባባሉ የሚጠይቀው ሌላ ነገርም አለ፤ ይኸውም ታላቁ ሰው ከቡኮው አጠገብ ሆኖ ውኃ ሲበዛ «በቃ»፣ ሲያንስ «ጨምር» የሚል መሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ታላቁ ራሱ ማቡካት ማወቅ፣ ልጁ የሚያቦካበትን እጅ ማየት፣ አልፎ አልፎም ስላደረገው ነገር «በምን ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ማግኘት አለበት።

አሳዳጊውን ማን ያሳድገዋል? ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም። ከፊሉን መምህራንና መጻሕፍት ያሳድጉታል፤ ለዚህም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከፊሉን ደግሞ ወረቀቱን አንብበው «እምቢ» የሚሉት፣ ከዚያም ጓደኛ አስከትለው የሚመለሱት ወጣቶች ያሳድጉታል፤ ለነርሱ ግን በሰዓቱ የሚከፈት በርና መቀርቀሪያ ያለው ክፍል ማዘጋጀት የኛ የታላላቆቹ ፋንታ ነው።